በሜዳው መሃል የቆመው ጋሼ

አንድ ሰው የእግር ኳስ ቡድን የሚመሠርተው ኳስ ስለሚወድ ይመስለናል። የዚህ ታሪክ ፍራሽ ነጋዴ ግን ቡድን የመሠረተው ዝናብ ስለመታው ነው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ የቡድኑን አወላለድ ካላወቅን፣ በኋላ ስምንት ጤነኛ ሰዎች ለምን ባዶ ቦታ እየዞሩ ሲሮጡ እንደዋሉ አይገባንም።

ሰውዬው የሰፈሩ ክለብ ደጋፊ ነበር። የክለቡ የክብር ወንበሮች ደረቅ ሲሚንቶ ስለነበሩ ከመጋዘኑ ስፖንጅ አውጥቶ በነጻ አስለበሳቸው። በምረቃው ቀን አዲስ ኮት ገዝቶ ሄደ። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። የክለቡ ጸሐፊ «አንተ የቤት ሰው ነህ፤ እዚያ ማዶ ቁም» አለው። እዚያ ማዶ ጣሪያ አልነበረም። ጨዋታው ሳይጋመስ ሰማዩ ተቀደደ። ሰውዬው ውሃ እየጠጣ ካለው ኮቱ ውስጥ ሆኖ፣ በራሱ ስፖንጅ ላይ ተመቻችተው የተቀመጡትን ሰዎች ሲያይ ዋለ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ ኳስ ማለት ከጣሪያ በታች ነው!»

«እሺ። መጀመሪያ ካልሲህን አውልቅ፤ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»

ስለ ሥራው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የፍራሽ ንግዱ የሁለቱ ነው ይባላል፤ አባባሉ ለእሱ ያደላ ነው። ስፖንጁን የምትቆርጠው እሷ ናት። ሽፋኑን የምትሰፋው፣ ከደንበኛ ጋር የምትከራከረው፣ የጭነት መኪናውን ሹፌር «ወደኋላ፣ ወደኋላ፣ በቃ!» የምትለውም እሷ ናት። የእሱ ድርሻ ጥራት ቁጥጥር ነው። አዲስ ፍራሽ ሲሰፋ ይጋደምበታል። መልካም ፍራሽ ወዲያው ይታወቃል። አጠራጣሪው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዱን ለማጣራት ሙሉ ከሰዓት የፈጀበት ቀን ብዙ ነው። ሲያንኮራፋ የተሰማበት ፍራሽ አንደኛ ደረጃ ተብሎ ይሸጣል። ይህን የፈለሰፈችው ሚስቱ ስትሆን፣ በእርግጥም ሽያጩን ጨምሯል።

ጊዜው ደግሞ ተመቸው። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል የቤት ውስጥ እግር ኳስ ሊግ ሊቋቋም ነው ተባለ። ይህ ጨዋታ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። በአንድ ወገን በረኛውን ጨምሮ አምስት ሰው ብቻ ይሰለፋል። ኳሷ በውጪ ሜዳ ከሚጫወቱባት ትንሽ አነስ ትላለች፤ ብዙ አትነጥርም፣ ስለዚህ እግር ሥር ትውላለች። ሜዳው ጠባብ በመሆኑ ለማሰብ ፋታ የለም። በረኛውም ግቡ ሥር ተገትሮ አይቀርም፤ ከፈለገ ኳሱን በእግሩ እየገፋ እስከ ባላጋራው ግብ ድረስ ሄዶ መሞከር ይችላል። ይህን በረኛ እናቆየው፤ እንፈልገዋለን።

ለመመዝገብ ዋናው ነገር ጣሪያ ያለው አዳራሽ ማቅረብ ነበር። ሰውዬው ጣሪያ ነበረው። ችግሩ፣ ከጣሪያው ሥር የሚስቱ ፍራሾች ነበሩ።

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ያለቀው በውል ነው።

«ስማኝ» አለችው፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። «አንድ የውድድር ዘመን እሰጥሃለሁ። ፍራሾቼን ሳሎን እከምራለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ፣ እችላለሁ። ግን ከሊጉ ከተባረራችሁ መጋዘኔን በማግስቱ ትመልሳለህ። አንተም መኝታህን ትተህ ስፌት ማሽኑ ላይ ትቀመጣለህ።»

«ካልተባረርንስ?»

«ካልተባረራችሁ መጋዘኑ የናንተ ነው፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

ሁለተኛው ተስፋ ከመጀመሪያው ይልቅ አጓጓው። እሷም ስትስማማ ልቧ ሙሉ ነበር፤ ባሏ ጀምሮ የጨረሰው ነገር እንቅልፍ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች።

ሰውዬው በዚያው ቀን ራሱን ፕሬዚዳንት አደረገ። በማግስቱ አሰልጣኝም ሆነ። ተጫዋቾች መለመለ፤ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሁለት የጋራዥ ሰዎች፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪና ጥቂት ተቀያሪዎች። በረኛ ያደረገው የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። የትኬት ቆራጩ ድምፅ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ የሚለውም አንድ ነገር ነው፤ «መሃሉ ባዶ ነው! በሩ ላይ አትከመሩ፣ ወደ መሃል ግቡ!»

ፕሮፌሽናል ማለት ለጨዋታው የሚከፈለው ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ ይህን ትርጉም አጥንቶ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የፊርማ ክፍያ አንድ አንድ ፍራሽ ሰጠ። ትኬት ቆራጩ «እኔ ሥራዬ መውደቅ ነው» ብሎ ሁለት ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። የቧንቧ ሠራተኛው የደረሰው የነጠላ አልጋ ፍራሽ በመሆኑ ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ሰነበተ። «ለብቻህ ልትተኛ ነው የፈረምከው?» አለችው አሉ። በዚህ ዓይነት የሀገሩ የመጀመሪያዎቹ የቤት ውስጥ ኳስ ፕሮፌሽናሎች ጀርባቸው ላይ ፍራሽ ተሸክመው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ታዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመጋዘኑ መሃል ምሰሶ አለ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የማያቅፈው የሲሚንቶ ምሰሶ፣ መስመሩ ሲቀባ ልክ በመሃል ክቡ ውስጥ ገባ። የሊጉ ተቆጣጣሪ ለምዝገባ ሲመጣ ጣሪያውን አየ፣ ሁለቱን በሮች አየ፣ ሽንት ቤቱን ከፍቶ ዘጋ። ምሰሶውን ዞሮት አለፈ። ደንቡ ስለ ምሰሶ የሚለው ነገር አልነበረም፤ ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች መሃሉ ላይ ምሰሶ ባለበት ቦታ ኳስ የሚያጫውት ሰው ይመጣል ብለው ስላላሰቡ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ግን አሰበበት። ተጫዋች እንዳይጎዳ ብሎ ምሰሶውን ከእግር እስከ ራስ ወፍራም ስፖንጅ አለበሰው፤ ላዩን በሰማያዊ ሸራ ሰፋው። ሰፋው ስል፣ ሚስቱ ሰፋችው።

በመጀመሪያው ልምምድ አስተማሪው ኳስ ሳተና ምሰሶውን መታ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ኳስ ሲሚንቶ ስትመታ ተወርውራ ትመለሳለች፤ የት እንደምትሄድም አይታወቅም። ስፖንጅ ግን ግማሽ ጉልበቷን ይጠጣና ቀስ አድርጎ ይለቃታል። ኳሷ ለስለስ ብላ ተንከባልላ አስተማሪው እግር ሥር መጣች። ደገመው። አሁንም መጣች። ከጎን ሲመታው ደግሞ ምሰሶው ኳሷን ወደ ጎን፣ አለፍ ብሎ ለሚሮጠው ጓደኛው ሰጠለት። ዝም የሚል፣ የማይደክም፣ ኳስ የማያበላሽ ስድስተኛ ተጫዋች ተገኘ። ረጅም ስለሆነ፣ ስለማይናገርና ለማንም ከቦታው ስለማይነሳ «ጋሼ» አሉት።

«ለጋሼ ስጠው! ጋሼ ባዶ ነው!»

ፕሬዚዳንቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ቅጭም አለ።

«እኔን ለምንድን ነው ጋሼ የማትሉኝ?»

«እርስዎማ ፕሬዚዳንት ነዎት» አለ የቧንቧ ሠራተኛው።

«ቢሆንም፣ በዕድሜም በሌላውም...»

«ጋሼ ተይዟል» አለ ትኬት ቆራጩ ከግቡ ሥር።

የመጀመሪያው የሜዳቸው ጨዋታ ከማተሚያ ቤቱ ቡድን ጋር ነበር። የማተሚያ ቤቱ አምበል ግዙፍ ሰው ነው። ኳስ ይዞ አንገቱን ደፍቶ በመሃል ሲገሰግስ ምሰሶው ውስጥ ገባ። ስፖንጁ ተቀበለው፤ ከዚያም እንደ ኳሷ መለሰው። በቂጡ ቁጭ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊውን ሸራ ተመለከተ።

«ዳኛ! ፋውል አይደለም እንዴ?»

«ማን ነው የሠራው?» አለ ዳኛው።

አምበሉ ጣቱን ወደ ምሰሶው ቀሰረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የፍራሽ ቤቱ ቡድን አሸነፈ። የሚቀጥለውንም አሸነፈ። ፕሬዚዳንቱ ለሰው ሁሉ «ታክቲክ ነው» ይል ጀመር። ለስፖርት ጋዜጠኛ በሰጠው ቃለ ምልልስ «ቡድኑን የምገነባው በመሃል ነው» ብሎ ሲናገር፣ ከኋላው ያለውን ምሰሶ በክንዱ ተደግፎ ነበር።

ከሜዳቸው ውጪ ግን ጉድ ፈላ። በሌላው አዳራሽ ምሰሶ የለም። ተጫዋቾቹ ይህንን በዓይናቸው ያያሉ፤ እግራቸው ግን አላመነም። ነገሩ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት የቆመ ጠረጴዛ ሲነሳ፣ ለሳምንታት ያህል የሌለውን ጠረጴዛ ዞረን እናልፋለን። እነሱም «ለጋሼ!» ብለው ኳሱን ወደ መሃል ይልኩታል፣ ራሳቸው የሚመለሰውን ኳስ ለመቀበል ወደ ጎን ይሮጣሉ፣ ኳሱ ግን መሃሉን አቋርጦ በክብር ከባላጋራው እግር ይገባል። ተመልካቹ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ኋላ ገባውና ኳሱ ወደ መሃል በሄደ ቁጥር በአንድ ድምፅ «ጋሼ የሉም! ወጣ ብለዋል!» ይል ጀመር። በሜዳቸው ያገኙትን ነጥብ ውጪ እየበተኑ፣ የውድድሩ ዘመን ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀር የመጨረሻው ቦታ ላይ ተቀመጡ። የመጨረሻውን ጨዋታ በሜዳቸው ካሸነፉ ይተርፋሉ። አቻም ሆነ ሽንፈት ያባርራቸዋል። ባላጋራቸው ደግሞ ያው የማተሚያ ቤቱ ቡድን ነው።

ፕሬዚዳንቱ አልተጨነቀም። «በሜዳችን ነው፤ ጋሼ አለ» አለ። ወዲያው ተቆጣጣሪው መጣ። የየቡድኑ አቤቱታ ተከማችቶ ደንብ ተሻሽሏል፤ በሜዳ ውስጥ የሚቆመው ሰው ብቻ ነው። ከጨዋታው በፊት ምሰሶው ካልተነሳ ቡድኑ እንደተሸነፈ ይቆጠራል።

«ምሰሶ እኮ ነው! ጣሪያውን ማን ሊይዘው ነው?» አለ ፕሬዚዳንቱ።

«ወይ ጣሪያ ወይ ሊግ» አለ ተቆጣጣሪውና ወጣ።

መጋዘኑን የሠራው የሚስቱ ወንድም ነው። ግንበኛ ነው። ተጠርቶ መጣና ምሰሶውን ስፖንጁን ገልጦ እንደ ሐኪም በጣቱ አንኳኳው። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ እህቱን ላለማየት ጫማውን አየ።

«ይነሳል» አለ።

«ጣሪያውስ?» አለች እህቱ።

«ጣሪያውን የያዙት ግድግዳዎቹና ብረቶቹ ናቸው። እሱ... እሱ ምንም አልያዘም።»

«ታዲያ ለምን ሠራኸው?»

«ሲሚንቶ ተርፎ ነበር።»

እህቱ ወደ ምሰሶው ዞረች።

«ሲሚንቶ ተርፎ?»

«ብረትም ትንሽ ተርፎ ነበር። ደግሞ ያን ያህል መጋዘን መሃሉ ባዶ ሲሆን ያስፈራል፤ ሰው ምን ይላል...»

«አንተ!» አለች። «እኔ በትከሻዬ ፍራሽ ተሸክሜ ይሄን ሁሉ ዓመት የምዞረው የአንተን ትርፍ ሲሚንቶ ነው?»

ወንድሟ የገለጠውን ስፖንጅ ወደ ቦታው መለሰ። ፕሬዚዳንቱ ግን ከልቡ ያዘነው በሌላ ነበር። ምንም ሳይሸከም መሃል ላይ ቆሞ፣ ሁሉም በዙሪያው እየዞረ ሲያከብረው የኖረ ነገር መሆኑን ሲሰማ፣ ለምሰሶው የተለየ ፍቅር አደረበት። ዘመዱን ያገኘ ይመስል ነበር።

ጋሼ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት በመዶሻና በመቁረጫ ፈረሰ። ተጫዋቾቹ ቆመው አዩ። ፕሬዚዳንቱ ንግግር አደረገ፤ «ታማኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከልምምድ አልቀረም» አለ። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። የምሰሶው ሥር በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ክቡ እንደ አዲስ ተቀባ።

በጨዋታው ቀን ሚስትየው ቀድማ ደረሰች። ሜትሯን ይዛ ነበር። ፍራሾቹ የት የት እንደሚከመሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካች። ምሰሶው በመነሳቱ ስንት ተጨማሪ ረድፍ እንደሚገባ ስታይ ፊቷ በራ። ባሏ ጥግ ላይ ቆሞ ይህን ተመለከተ። ስፌት ማሽኑ ሲርገበገብ እግሩ ሥር የተሰማው መሰለው።

ጨዋታው ተጀመረ። እስካሁን ድረስ ሰው በደንብ ያልተረዳው ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። የማተሚያ ቤቱ አምበል በመጀመሪያው ዙር የደረሰበትን አልረሳም። ሳምንቱን ሙሉ በራሳቸው አዳራሽ መሃል ሁለት በርሜል ደራርበው አቁመው፣ ምሰሶ መዞር ሲለማመዱ ከርመዋል። ደንቡ እንደተሻሻለም ሆነ ምሰሶው እንደፈረሰ የነገራቸው የለም። አዳራሹ ሲደርሱ ባዶውን ክብ አዩት፤ አምበሉም «የለም!» ብሎ ጮኸ። ነገር ግን እግራቸው አስቀድሞ ተምሯል።

እናም ከበረኞቹ በቀር ስምንቱ ሰዎች መሃሉን ለቀው በጠርዝ በጠርዝ መሮጥ ያዙ። የአንዱ ቡድን ተጫዋች ኳስ ይዞ ክቡ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሊቀማው የመጣውም አብሮት ይታጠፋል። አስተማሪው አንድ ጊዜ ራሱን ረስቶ «ለጋሼ!» ብሎ ወደ ባዶው መታ፤ ኳሷ መሃሉን ስታቋርጥ አንድም ሰው አልነካትም። ሁለቱም ቡድን እንደ ሌባና ፖሊስ የሌለ ቤት ሲዞር፣ ዳኛው ራሱ ሳይታወቀው ክቡን ዞሮ ማለፍ ጀመረ። ጎል የለም። ሰዓቱ ያልቃል። አቻ ማለት ደግሞ መባረር ነው።

ፕሬዚዳንቱ ያለ የሌለ ድምፁን አወጣ። «ሩጡ!» ይላል። «ዙሩ!» ይላል። ሌላ የሚያውቀው መመሪያ አልነበረም።

ሚስቱ ከግቡ ኋላ ቆማ ነበር። ከኳስ ምንም አታውቅም፤ ሰው ዕቃ እያነሳ ያለ ምክንያት ሲዞር ማየት ግን አትችልም፤ ለዓመታት የራሷ ሕመም ነበር። መጀመሪያ ምላሷን ነከሰች። ዞሩ። እጇን አጣጥፋ ያዘች። አሁንም ዞሩ። በመጨረሻ ከአቅሟ በላይ ሆነ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! መሃሉ ባዶ ነው እኮ!»

ከፊቷ የቆመው በረኛ ትኬት ቆራጩ ነው። ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው እንጂ ሲነገረው ሰምቶ አያውቅም። ከዚህ ቀደም በዚህ አዳራሽ ከግቡ ሆኖ ሜዳውን ሲያይ ፊቱ የተደቀነው ጋሼ ስለነበር፣ ከጋሼ ወዲያ ያለውን ግብ በቅጡ አይቶት አያውቅም። አሁን ቀና ብሎ ሲያይ ከእሱ ግብ እስከ ወዲያኛው ግብ ድረስ፣ እንደ አዲስ አስፋልት፣ ሰው ያልቆመበት መንገድ ተዘርግቷል።

ኳሱን እግሩ ሥር አደረገና ሄደ። በቀጥታ ሄደ። ባላጋራዎቹ ከግራና ከቀኝ እያዩት ምሰሶው ጋ ደርሶ እስኪታጠፍ ጠበቁት። ክቡን በመሃሉ ሲሰነጥቀው ከተመልካቹ «እ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ግንባሩን የሚገጭ መስሏቸው ዓይናቸውን የጨፈኑም ነበሩ። የማተሚያ ቤቱ አምበል እጁን ወደፊት ዘርግቶ «ተጠንቀቅ!» አለው። ትኬት ቆራጩ በዚያ ሦስት መንገድ በሚሻገር ድምፁ «መሃሉ ባዶ ነው! ግቡ!» እያለ ደርሶ መታ፤ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አለቀ። ቡድኑ ሊጉ ውስጥ ቀረ።

ተጫዋቾቹ በረኛውን ተሸከሙት። ፕሬዚዳንቱም የሚሸከመው ፈልጎ ቆየና፣ ሲጠፋ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። ድሉ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ውጤት መሆኑን አስረዳ። ምሰሶው ራሱ የተተከለው፣ በኋላም የተነሳው፣ ባላጋራን ለማደናገር ታስቦ እንደነበር ገለጸ። ሊጉን አመሰገነ፣ ተመልካቹን አመሰገነ፣ ነፍሱን ይማርና ጋሼንም አመሰገነ። ሚስቱን አላመሰገነም።

እሷ ሜትሯን እየጠቀለለች ነበር።

«እትዬ» አለ የቧንቧ ሠራተኛው ጠጋ ብሎ፣ «እርስዎ ባይጮሁ እኮ...»

«ዝም በል» አለችው። «በገዛ አፌ መጋዘኔን ስሸጥ አየኸኝ፤ ደግሞ ታስታውሰኛለህ?»

ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። መጋዘኑ የቡድኑ ሆኖ ቀረ፤ እሷም እንዳለችው አፏን ዘጋች። ፍራሾቹ ሳሎን ናቸው። ከግድግዳ ከተደገፉ ይሻግታሉ ብላ ልክ በሳሎኑ መሃል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ከምራቸዋለች። ፕሬዚዳንቱ ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት ለመሄድ ዙሪያውን በጎኑ እየተሳበ ያልፋል። በዚያኛው በኩል ሚስቱ ስፌት ማሽኑ ላይ ትሰፋለች፤ በዚህኛው በኩል እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ታክቲክ ያወጣል። ሻይ ሲያምረው ከክምሩ ማዶ «አንቺ?» ይላል። መልስ የለም። ስፖንጁ ድምፁን ይጠጣና ቀስ አድርጎ ለራሱ ይመልስለታል።